ከእታለም ፊት ሁለት ሜትር

አክስቴን «እታለም» እያልኩ ነው ያደግኩት። ቤታቸው አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ ግቢ ከሚጋሩ አምስት የቀበሌ ቤቶች አንዱ ነው። ሳሎኑ ርዝመቱ አራት ሜትር፣ ወርዱ ሦስት ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሶፋው፣ ቡፌው፣ በዳንቴል የተሸፈነው ቴሌቪዥንና ረከቦቱ ቦታ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ለሰው የሚተርፈው ወለል እግር ዘርግተው የማይቀመጡበት ነው። ይህን ልኬት ከመጀመሪያው የማነሣው ስለ ፖርትሬት፣ ማለትም ስለ ሰው ፊት ፎቶ፣ ሌንስ የማውቀውን አብዛኛውን ነገር ያስተማረችኝ ይህች ክፍል ስለሆነች ነው። ሰፊ ስቱዲዮ ቢኖረኝ ኖሮ ምናልባት እስከ ዛሬም የሰው ፊት የሚለወጠው በሌንሱ ምክንያት ነው ብዬ አምን ነበር።

ካሜራ የገዛሁት የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ነው። አብሮት የመጣው ሌንስ ብዙዎቻችን የጀመርንበት፣ ከ18 እስከ 55 ሚሊሜትር የሚሄደው ዙም ነበር፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ ቦታ ያሳያል፣ ሲበዛ ጠበብ አድርጎ ያቀርባል። በዚያው ሳምንት እታለምን ላነሣቸው ሄድኩ። የጥበብ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ክፍሉ ጠባብ በመሆኑ ዙሙን ወደ 18 መለስኩና ፊታቸው ፍሬሙን እስኪሞላው ድረስ ተጠጋሁ፤ በኋላ ሳሰላው በሌንሱና በአፍንጫቸው መካከል የነበረው ርቀት ከግማሽ ሜትር አይበልጥም ነበር። አንሥቼ ስጨርስ በካሜራው ጀርባ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረዘም ላለ ጊዜ አዩትና፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄ አፍንጫ የማን ነው?» አሉኝ። ተሣሣቅን፤ ጥያቄው ግን የሚገባ ጥያቄ ነበር። ግንባራቸው ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ጆሮዎቻቸው ከጉንጫቸው ጀርባ ተደብቀው፣ ፊታቸው በማንኪያ ጀርባ ላይ እንደሚታይ ፊት ሆኖ ነበር።

ጉዳዩን ለአንድ ሌንስ ሻጭ ባማክረው፣ ነገሩ ያለቀለት በሚመስል ድምፅ «ለፊት ሰማንያ አምስት ነው፤ ሌላውን እርሳው» አለኝ። ያገለገለ 85 ሚሊሜትር፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) እስከ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ገዛሁ፤ ይህ ቁጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ሻጩ ዋሽቶኛል ለማለት አይደለም። ፉል ፍሬም በሚባለው፣ 36 በ24 ሚሊሜትር ሴንሰር (ምስሉን የሚቀበለው ገጽ) ባለው ካሜራ ላይ 85 ለፊትና ለትከሻ በእርግጥም የተመቸ ሌንስ ነው። የእኔ ካሜራ ግን ክሮፕ ነው፤ ሴንሰሩ ጠበብ ያለ፣ ረጅሙ ጎኑ 22.3 ሚሊሜትር ብቻ በመሆኑ፣ በእሱ ላይ የተገጠመ 85 የሚያሳየው ስፋት በፉል ፍሬም ላይ 136 ሚሊሜትር ሌንስ የሚያሳየውን ያህል ነው። ሻጩ «ካሜራህ ምንድን ነው? የምታነሣውስ የት ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም ቢሆን ለመጠየቅ የሚያበቃ ዕውቀት አልነበረኝም።

ሌንሱን ይዤ ተመለስኩ። እታለምን ከወገብ በላይ፣ ማለትም ወደ 90 ሴንቲሜትር የሚሆነውን አካላቸውን በቁም ፍሬም ለማስገባት ወደ ኋላ ብል፣ ብል፣ ጀርባዬ በሩን ነካ። አሁንም አልበቃም። በመጨረሻ ደጃፉን አልፌ፣ አንድ እግሬ ግቢው ውስጥ፣ አንዱ ደፍ ላይ ሆኖ ማንሣት ጀመርኩ። ጎረቤት ልብስ ልታሰጣ ባልዲዋን ይዛ በመካከላችን ስታልፍ ይቅርታ ጠየቀችኝ። «እታለም፣ ትንሽ ቀና ይበሉ!» ስል ከውስጥ «ኧ? ምን አልክ?» ይላሉ። እንደገና እጮኻለሁ፤ ቀና ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሐውልት ደርቀው ይቀራሉ። በፎቶው ላይ አፍንጫቸው አፍንጫቸው ነበር፤ ጆሮዎቻቸውም ከነጉትቻቸው በቦታቸው ነበሩ። ፊታቸው ግን ወረፋ ጠብቃ ስሟ እንደተጠራ ሴት ፊት ነበር።

ያን ፊት የት እንደማውቀው ወዲያው ትዝ አለኝ፤ የጉርድ ፎቶ ፊት ነው። ልጅ ሳለሁ ለትምህርት ቤት ምዝገባ ጉርድ የምንነሣበት ፎቶ ቤት፣ የካሜራው እግር ቆሞ የኖረበት ቦታ ላይ የወለሉ ላስቲክ በሦስት ነጥብ ተፍቆ ነበር፤ የደንበኛው በርጩማም እንዲሁ ከአንድ ቦታ ንቅንቅ አይልም። ባለቤቱ «ቀና በል፤ አገጭህን ትንሽ ዝቅ፤ እንዳትንቀሳቀስ» ይልና ያነሣል፤ «ቀጣይ!» ይላል። ያኔ አይገባኝም ነበር እንጂ፣ ያ ሰው ዛሬ እኛ በየሌንሱ ዋጋ የምንጨነቅበትን ጥያቄ አንድ ጊዜ መልሶ፣ መልሱን ወለሉ ላይ አስቀምጦታል። ከሰው ፊት ስንት ሜትር እንደሚርቅ ወስኗል፤ ሌንሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን በደንብ የተረዳሁት በሲኒ ነው። አንድ ቀን ቡና ተጠጥቶ ካለቀ በኋላ ሁለት ሲኒዎችን ረከቦቱ ላይ፣ አንዱን ወደ እኔ፣ ሌላውን ወደ ጎን ትንሽ ፈቀቅ አድርጌ ከበስተኋላው አስቀመጥኩ። በመካከላቸው የተውኩት ርቀት 12 ሴንቲሜትር ነው፤ የሰው አፍንጫ ጫፍ ከጆሮው የሚርቀው በግምት ይህን ያህል ስለሆነ፣ የፊተኛው ሲኒ አፍንጫ፣ የኋለኛው ጆሮ ነው እንበል። ሌንሱን ከፊተኛው ሲኒ ግማሽ ሜትር ላይ አድርጌ በ18 ሚሊሜትር ሳነሣ፣ የፊተኛው ከኋለኛው ሩብ ያህል ገዝፎ ታየ። ሁለት ሜትር ርቄ በ55 ሳነሣ የሁለቱ ልዩነት ወደ ስድስት በመቶ ያህል ወረደ፤ በዐይን አይለይም ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ «18 ያበላሻል፣ 55 ያሳምራል» ብዬ እደመድም ነበር። ነገር ግን ከሁለት ሜትሩ ሳልነቃነቅ ዙሙን ወደ 18 መለስኩና ደግሜ አነሣሁ። ሲኒዎቹ በሰፊ ክፍል መሐል ትንንሽ ነጥቦች ሆኑ። ቤቴ ገብቼ በኮምፒውተር መሐሉን ቆርጬ ሳጎላው፣ የምስሉ ጥራት ቢወርድም፣ የሁለቱ ሲኒዎች መጠን ልክ በ55 እንደተነሡት ነበር። 18 ሚሊሜትሩ በእታለም አፍንጫ ላይ ምንም አላደረገም፤ ያገዘፈው የእኔ መጠጋት ነው። የሌንሱ ጥፋት ቢኖር እንድጠጋ መጋበዙ ብቻ ነው።

ፎካል ሌንግዝ የሚባለው ነገር፣ ማለትም የሌንሱ ሚሊሜትር፣ ቢያንስ ለፊት ሥራ፣ ከዚያ ወዲህ ለእኔ የቦታ ጥያቄ ሆኗል። መጀመሪያ ከሰውየው ስንት ሜትር ላይ መቆም እንደምፈልግ እወስናለሁ፤ ከዚያ ርቀት ላይ ፍሬሙን የሚሞላልኝን ሌንስ እመርጣለሁ። ሒሳቡ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፦ በፍሬም ውስጥ እንዲገባ የምትፈልጉትን ቁመት በሌንሱ ሚሊሜትር አባዝታችሁ ለሴንሰሩ ጎን (በቁም ሲነሣ ለረጅሙ) ብታካፍሉት፣ መቆም ያለባችሁ ርቀት በግምት ይወጣል። በእኔ ካሜራ 90 ሴንቲሜትር የሚሆን የአካል ክፍል ለማስገባት በ85 ሚሊሜትር 3.4 ሜትር፣ በ50 ሚሊሜትር 2 ሜትር፣ በ35 ሚሊሜትር 1.4 ሜትር ያስፈልጋል። ሳሎኑ አራት ሜትር ነው፤ እታለም ከግድግዳው የሶፋውን ያህል ወደ ፊት ወጥተው ነው የሚቀመጡት፤ ከኋላዬ ደግሞ የእኔም ውፍረት አለ። ደጃፍ ላይ ያስቆመኝ ምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እንግዲህ ለእታለም ፊት ትክክለኛው ርቀት ስንት ነው? ይህን ከሒሳብ ሳይሆን ከቡና ነው ያገኘሁት። ቡና ሲያፈሉ የሚቀመጡት ረከቦቱ ጀርባ ሲሆን፣ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የምቀመጠው በሩ አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ ነው። በሜትር ለካሁት፤ ከዱካዋ እስከ ፊታቸው ሁለት ሜትር ጥቂት ፈሪ ነው። እኔ የማውቀው የእታለም ፊት፣ ሲቆጡም ሲስቁም፣ ጭሱ ዐይናቸውን ሲያጠባቸውም ያየሁት ፊት፣ የሁለት ሜትር ፊት ነው። ልጆች ሳለን ሲስሙን በሃያ ሴንቲሜትር አይተነዋል፤ ያን ፊት ግን ዐይናችንን ጨፍነን ስለሆነ አናውቀውም።

ስለዚህ 50 ሚሊሜትሩን፣ ማለትም ከርካሾቹ ሌንሶች አንዱ የሆነውንና ብዙ ጀማሪ የሚገዛውን ባለ 1.8 አፐርቸር ሌንስ ገጥሜ ዱካዋ ላይ ተቀመጥኩ። ዱካዋ ዝቅ ያለች በመሆኗ ሌንሱ ከዐይናቸው ትይዩ ሆነ፤ ቆሜ ቢሆን ኖሮ ከላይ ወደ ታች ነበር የማያቸው። መጮኽ አላስፈለገም። ስለ እናቴ እያወሩ፣ ጀበናውን ዘንበል አድርገው፣ ሁለተኛው ቡና ቶናው ሲቀዳ አነሣኋቸው። ካሜራው መኖሩን ያውቃሉ፤ ግን የወንድማቸው ልጅ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ስለሆነ ያለው እንደ እንግዳ አላዩትም።

ርቀቱ ከተወሰነ በኋላም ሌንሱ የሚለውጠው አንድ ትልቅ ነገር ይቀራል፤ ከሰውየው ጀርባ ያለው ነገር ምን ያህሉ እንደሚታይ። እዚህ ላይ ከብዙ የሙያ ጓደኞቼ ጋር አልስማማም። በእኛ ከተማ ፖርትሬት ማለት የጀርባው ነገር በሙሉ ቀልጦ የብርሃን ክብ ክብ የሆነበት ምስል ማለት እየሆነ ነው፤ ደንበኛም «ብለር ይኑረው» ብሎ ያዛል። እታለምን ከደጃፍ በ85 ሳነሣቸው አፐርቸሩን እስከ 1.8 ከፍቼው ስለነበረ፣ ቡፌው ቡናማ ጭጋግ ሆኗል፤ ከቡፌው በላይ የተሰቀለው የሟች ባለቤታቸው ፎቶም የማን እንደሆነ የማይታወቅ ግራጫ አራት ማዕዘን ሆኗል። በ50 ሚሊሜትሩ አፐርቸሩን ወደ 4 ስዘጋው፣ ከሁለት ሜትር ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ወደ 24 ሴንቲሜትር ስለሚደርስ፣ ከነጠላቸው ጥለት እስከ ጉትቻቸው ሁሉ ጠራ፤ ከበስተኋላ ያለው ፎቶ ደግሞ ደብዘዝ ቢልም ኮትና ከረባት የለበሰ ሰው መሆኑ ታወቀ። ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩትን ሰው ለማቅለጥ ብዬ ገንዘብ ማውጣቴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በዚያው በ85 ሚሊሜትሩ ሌንስ ሌላም ጊዜ ተቀጥቻለሁ። በአንድ ሠርግ ላይ ሙሽሪትን ፊቷ ብቻ እንዲታይ ወደ 1.4 ሜትር ተጠግቼ፣ አፐርቸሩን በሙሉ ከፍቼ አነሣኋት። በዚህ ርቀት የሚጠራው ጥልቀት ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፊቷን ትንሽ ዘወር አድርጋ ስለነበረ ለእኔ የቀረበው ዐይኗ ሽፋሽፍቱ እስኪቆጠር ጠራ፤ ሌላኛው ግን እንቅልፍ የያዘው መስሎ ደበዘዘ። በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ አላስተዋልኩትም፤ በትልቁ ታትሞ አልበም ውስጥ ሲገባ ሚዜዋ ናት ያየችው።

ሁለት ሜትር ለሁሉም ሰው ይሠራል ማለቴም አይደለም። ፊቱ ክብ የሆነን ሰው ከሦስትና ከአራት ሜትር፣ በረጅም ሌንስ ብታነሡት ጉንጩና ጆሮው ወደ ጎን ወጥተው ፊቱ ይበልጥ ይሰፋል፤ ወደ 1.3 ሜትር ጠጋ ብትሉለት ቀጠን ይላል። አፍንጫው ጎላ ያለ ወይም ፊቱ ጠባብና ረጅም የሆነ ሰው ደግሞ ራቅ ሲባልለት ደስ ይለዋል። እኔ ራሴ ከሁለተኞቹ ወገን ስለሆንኩ በስልክ የተነሣሁትን ፎቶ አልወድም። የስልክ ዋናው ካሜራ በፉል ፍሬም ልኬት ከ24 እስከ 28 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ክንድ ተዘርግቶ በሚገኘው ርቀት ሲያነሣ የእታለምን ጥያቄ ለሁላችንም ያመጣዋል። አፕል በ2016 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. አይፎን 7 ፕላስ ላይ 56 ሚሊሜትር የሚስተካከል ሁለተኛ ሌንስ ጨምሮ የፖርትሬት ምርጫን ሲያመጣ፣ ሰዎች የወደዱት የጀርባውን መደብዘዝ ይመስለኝ ነበር፤ ግማሹ ውበት ግን የመጣው ሌንሱ ሰውን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስላስኬደው ነው። በስልክ የምታነሡ ካላችሁ ሁለት እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ የሚለውን ነክታችሁ ወደ ኋላ ሂዱ።

አጭር ሌንስ ለሰው አይሆንም የሚለውንም አልቀበልም። መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ፣ በርሜል ቀጥቅጠው ምድጃና ሳጥን የሚያወጡ ሰዎችን ሳነሣ የምጠቀመው 24 ሚሊሜትር ነው። እዚያም የምቆመው ሁለት ሜትር ላይ ነው፤ ሰውየው ከነቁመቱ፣ ከነመዶሻው፣ ከበስተጀርባው ከተከመረው ቆርቆሮ ጋር ይገባል፤ ፊቱም አይጣመምም፤ ምክንያቱም አልተጠጋሁትም። ፊቱ በፍሬሙ ውስጥ ትንሽ ይሆናል፤ ይሁን። ሰውየውን የሚናገሩት እጆቹም ናቸው። ጠርዝ ላይ የገባ ሰው ግን ይለጠጣል፤ ስለዚህ መሐል ላይ አደርገዋለሁ።

ረጅሞቹን ሌንሶች የምበደርባቸው ቀኖችም አሉ። ተክሊል በሚደርስበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፎቶ አንሺ እንደልቡ አይጠጋም፤ መጠጋትም የለበትም። እዚያ 200 ሚሊሜትር ርቀትን ለማክበር የሚያገለግል ዕቃ ነው። በዓለም ላይ ከታወቁት የፊት ፎቶዎች አንዱ፣ ፎቶ አንሺው ስቲቭ ማኬሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ፓኪስታን ውስጥ ፔሻዋር አጠገብ በነበረ የስደተኞች ካምፕ ያነሣት አረንጓዴ ዐይን ያላት የአፍጋን ልጅ ምስል የተነሣው በኒኮን 105 ሚሊሜትር ነው፤ ሳየው ከሌንሱ በፊት የሚታየኝ ልጅቷ ከማታውቀው ሰው ጋር ያላት ርቀት ነው። ያ ለእሷ ትክክለኛ ርቀት ሊሆን ይችላል። ለእኔና ለአክስቴ ግን አይደለም።

ቢያንስ እንደዚያ ብዬ ወስኜ ነበር። ባለፈው መስከረም ሁለቱንም ፎቶዎች፣ የደጃፉንና የዱካዋን፣ በአንድ መጠን አሳትሜ ወሰድኩላቸው። የትኛውን እንደሚመርጡ ጥርጥር አልነበረኝም። የዱካዋን አንሥተው ፈገግ አሉና፣ «ይቺን ሪያድ ለልጄ ላክልኝ፤ ቡና ያማራት ጊዜ ትየኝ» አሉ። ከዚያ የደጃፉን፣ ያን የደረቀውን፣ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው የተቀመጡበትን አነሡ። «ይቺ ለግድግዳ ናት» አሉኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ እንደማይገባው ልጅ አዩኝና ወደ ባለቤታቸው ፎቶ በአገጫቸው አመለከቱኝ።

ወንበር ላይ ወጥቼ ያን ፎቶ አወረድኩትና አቧራውን ጠረግኩት። ብዙ ጊዜ ባየውም አስተውዬው የማላውቀው ፎቶ ነው። ከጀርባው የፒያሳ ፎቶ ቤት ማኅተም አለበት፤ ቀኑ ደብዝዟል። ሁለቱም ጆሮዎች ሙሉ በሙሉ ይታያሉ፤ አፍንጫው ከፊቱ ጋር ገር ሆኖ ተኝቷል፤ ትከሻው ሰፊ ነው። ከጆሮውና ከአፍንጫው ተነሥቼ ስገምት ፎቶ አንሺው ከሦስት ሜትር ያላነሰ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር እላለሁ። የደጃፉን የእታለም ፎቶ አጠገቡ ይዤ ሳየው የፊታቸው አቀማመጥ፣ የጆሮአቸው፣ የትከሻቸው መጠን አንድ ቀን፣ አንድ ወንበር ላይ፣ በአንድ ሰው የተነሡ ያህል ነበር። የዱካዋን ፎቶ ሳስጠጋው ግን እታለም ወደ ክፍሉ ወጣ ብለው፣ ባለቤታቸው ግድግዳው ውስጥ ቀሩ።

ሚስማሩን እኔ መታሁት። እታለም ከሶፋው ሆነው «ወደ ግራ፤ አይ፣ ትንሽ ወደሱ አስጠጋት» እያሉ አዘዙኝ።